ከመድኃኒቱ በፊት ምርመራው

በጥቅምት 1973 እ.ኤ.አ. የአረብ ነዳጅ አምራች አገሮች ለአሜሪካ ነዳጅ መሸጥ አቆሙ። በጥቂት ወራት ውስጥ የአንድ በርሜል ዋጋ ከ3 ዶላር ገደማ ወደ 12 ዶላር ገደማ አሻቀበ። ቤት ማሞቅ ያን ያህል የማያሳስብ ወጪ መሆኑ ቀርቶ የብዙ ቤተሰብ ጭንቀት ሆነ። በ1976 የወጣ ሕግ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ሰዎች ቤት ከብርድ የሚጠብቅ ፕሮግራም አቋቋመ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራ ቀላል ነበር፤ ሠራተኞች በመስኮት ላይ ፕላስቲክ ይወጥራሉ፣ የበሩንና የመስኮቱን ስንጥቅ ይደፍናሉ። ዓይን ያየውን እጅ ይጠግናል። የቤት ጥገና ባለሙያዎች ዛሬ ሥራ ገና ሳይጀምሩ የሚያደርጉት ምርመራ የተወለደው ይህ አካሄድ ባለመብቃቱ ነው። የዚያ ዘመን ትልቁ ትምህርትም፣ ቤት ሙቀቱን በብዛት የሚያጣው ዓይን በማያርፍበት ቦታ መሆኑ ነው።

ይህን በግልጽ ያሳየው በኒው ጀርሲ፣ ትዊን ሪቨርስ በተባለ መንደር የተካሄደ ጥናት ነው። ሮበርት ሶኮሎውና ሌሎች የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1972 ጀምሮ በመንደሩ ተያይዘው የተሠሩ ቤቶችን ፍጆታ መከታተል ጀመሩ። ቤቶቹ በአንድ ፕላን የተሠሩ ስለነበሩ የጋዝ ፍጆታቸውም ተቀራራቢ መሆን ነበረበት። ሆኖም ከአንዱ ቤት ሌላው ከእጥፍ በላይ ይፈጅ ነበር። ከዚህ ይበልጥ ያስገረመው ግን ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ነው። ሙቀት በሚከላከል ፋይበርግላስ ስለተሸፈነ ትንሽ ሙቀት ብቻ እንደሚያጣ ተሰልቶ ነበር፤ ሲለካ ግን ከስሌቱ ብዙ እጥፍ የሚሆን ሙቀት በዚያ በኩል ይወጣ ነበር። ምክንያቱ ሲፈለግ በማሞቂያው ጭስ ማውጫ ዙሪያ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያው ሥር የሚዘልቅ ክፍት ቦታ ተገኘ። ጎረቤታሞችን የሚለየው ግድግዳም ውስጡ ባዶ በሆነ ብሎኬት የተሠራ ስለነበር የሞቀ አየር በብሎኬቱ ባዶ ቦታዎች ሽቅብ ይወጣ ነበር። እነዚህ መንገዶች ሳይዘጉ ከላይ ሌላ ፋይበርግላስ መደረብ የሚያፈስ እንስራን በአዲስ ክዳን መክደን ነበር። የተደበቁት ቀዳዳዎች ታውቀው ሌሎች ሥራዎችም ሲጨመሩ፣ በአንድ የሙከራ ቤት ለማሞቂያ የሚወጣው ኃይል በሁለት ሦስተኛ ቀነሰ።

ሆኖም እያንዳንዱን ቤት እንደ ላቦራቶሪ ለዓመታት መከታተል አይቻልም። በጥቂት ሰዓት የሚያሳውቅ መሣሪያ ያስፈልግ ነበር፤ ሐሳቡ ከስዊድን መጣ። በዚያ በ1977 አካባቢ ማራገቢያ በመስኮት ላይ ገጥሞ የቤትን አየር ማምለጫ መለካት ተጀምሮ ነበር፤ ፕሪንስተን ሲደርስ ማራገቢያው በር ላይ ተገጠመ። አሠራሩ ግልጽ ነው። በርና መስኮት ሁሉ ይዘጋል፤ ማራገቢያው የውስጡን አየር ወደ ውጭ ይስባል፤ በውስጥና በውጭ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት 50 ፓስካል ሲደርስ የሚያልፈው አየር ይለካል። በዚያ ሰዓት መርማሪው መዳፉን በግድግዳው ማብሪያና ማጥፊያ ላይ ቢያደርግ ቀዝቃዛ ነፋስ ይሰማዋል፤ ቀጭን ጭስ ቢለቅም ጭሱ ተጎንብሶ የሽንቁሩን ቦታ ይጠቁመዋል። ይህን መሣሪያ ይዘው ቤት ለቤት የሚሄዱትን ሰዎች የፕሪንስተን ተመራማሪዎች «የቤት ሐኪሞች» አሏቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና፣ ስያሜው ተገቢ ነው።

ለምርመራ የሚወጣው ገንዘብ በቀጥታ ለሙቀት መከላከያው ዕቃ ቢውል ይሻላል የሚሉ ነበሩ፣ አሁንም አሉ። ክርክራቸው ከባዶ የተነሣ አይደለም። በ1978 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ትልልቅ የኤሌክትሪክና የጋዝ ድርጅቶች ለደንበኞቻቸው የቤት ፍተሻ እንዲያቀርቡ አስገድዶ ነበር። የተጠቀመበት ሰው ግን ጥቂት ነበር፤ ከተፈተሹት ቤቶችም ሪፖርት ከመቀበል አልፈው ያልተሠሩ ነበሩ፤ ፕሮግራሙ በ1980ዎቹ መጨረሻ ቀረ። ይህ ውድቀት ግን ምርመራን ዋጋ ቢስ አያደርገውም። የሚያስረዳው፣ ወደ ሥራ ያልተሸጋገረ ምርመራ ሐኪም ጽፎት ከፋርማሲ ያልወጣ መድኃኒት መሆኑን ነው። የቤት ሐኪሞቹ መሣሪያቸውንም መድፈኛቸውንም ይዘው ይገቡ የነበረው ለዚህ ነው፤ ያገኙትን ቀዳዳ እዚያው ይደፍኑ ነበር።

ምርመራን መዝለል ምን ያህል እንደሚያስከፍል ደግሞ አውስትራሊያ በ2009 አየች። መንግሥት በወቅቱ የነበረውን የኢኮኖሚ ቀውስ ለመቋቋም የጣሪያ ሙቀት መከላከያ በነፃ የሚያስገጥም ፕሮግራም በጥድፊያ ከፈተ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ቤቶች ተሠሩ። አራት ወጣት ሠራተኞችም ሞቱ፤ ሦስቱን ኤሌክትሪክ ገደላቸው፣ አራተኛውን የጣሪያ ሥር ሙቀት። ፕሮግራሙ በየካቲት 2010 ተቋረጠ። ከኮርኒስ በላይ ያለውን ሽቦ ሳያጣሩ ብረት ነክ ሽፋን በምስማር ወይም በስቴፕል መምታት ሞት እንደሚያስከትል ለማወቅ ሰው መሞት አልነበረበትም። ትዊን ሪቨርስ ላይ ያልታየው ገንዘብን ከኮርኒስ በላይ ሲያስወጣ ነበር፤ አውስትራሊያ ውስጥ ያልታየው ሰው ገደለ። ስለዚህ መርማሪው መሰላሉን አቁሞ፣ ባትሪውን ይዞ፣ አንድም ጥቅል ፋይበርግላስ ከመፈታቱ በፊት ወደ ጣሪያው ሥር መውጣቱ የሥራው የመጀመሪያ ክፍል ነው።