በቤት የተሠራ አውሮፕላን ሞተሩ ሲያስቸግር፦ መጀመሪያ ባትሪው፣ ከዚያ ካርቡራተሩ

ኢትዮጵያዊው አስመላሽ ዘፈሩ በራሱ እጅ አውሮፕላን ሠራ ሲባል ብዙዎቻችንን የገረመን ሞተሩ የፎልስዋገን መኪና መሆኑ ነው። ግን በውጭም አውሮፕላን በቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች ይህን ሞተር ለረጅም ዓመታት ተጠቅመውበታል። በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር አይፈልግም። ችግሩ፣ መኪና ሲያስቸግር ዳር ይዞ ይቆማል፤ ሰማይ ላይ ግን ዳር የለም።

ሞተሩ ሲንተፋተፍ ብዙ ሰው እጁን ቀጥታ ወደ ካርቡራተሩ ይሰዳል። እኛ ከኤሌክትሪኩ ጀምሩ እንላለን። ካንዴላው እሳት የሚያገኘው ከባትሪ ከሆነ፣ ባትሪው ሲደክም ብልጭታውም ይደክማል፤ ሞተሩም ካርቡራተር የተበላሸበት ይመስላል። በዚህ መሃል ካርቡራተር የነካካ ሰው ሁለት ችግር ይዞ ይቀራል። (ሮታክስ 912 ብልጭታውን ራሱ ስለሚያመነጭ ባትሪው ቢሞትም ይሠራል። የእናንተ የትኛው ነው? ሳትነሱ እወቁት።)

ለመለካት ተራ ቴስተር ይበቃል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ከሚኒሞ ከፍ ብሎ ሲሠራ ወደ 14 መጠጋት አለበት። 12 ላይ ከቀረ ቻርጅ እያደረገ አይደለም። 15ን ካለፈ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል፤ ባትሪውን ይቀቅለዋል።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ነገር፦ ፕሮፔለር ሲሽከረከር ዓይን አያየውም። ጎማው ላይ ታኮ አድርጉ፣ ጭራውን እሰሩ፣ ጋዙ ላይ ሰው ይቀመጥ። የቴስተሩን ሽቦ አስረዝማችሁ ከመቀመጫው ሆናችሁ ለኩ።

ቻርጅ ካላደረገ ዲናሞ ልትገዙ አትሩጡ። ፊውዙን እዩ፣ ቀጥሎ ማሳውን። አንዱን ጫፍ የሞተሩ ብረት ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አድርጉ። ሞተሩ እየሠራ ንባቡ ከዜሮ ብዙ መራቅ የለበትም። ግማሽ ቮልት ካሳየ ማሳው ላልቷል ወይም ዝጓል። መኪና ላይ ቦዲው ራሱ ማሳ ነው። በእንጨትና በጨርቅ የተሠራ አውሮፕላን ላይ ግን እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ መመለሻ ሽቦ ይፈልጋል፤ ንዝረቱ ደግሞ ብሎኑን ቀስ በቀስ ያላላዋል።

ቮልቱ ከተስተካከለ በኋላም ካስቸገረ ካንዴላ ንቀሉ። ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ጥላሸት ከመሰለ ቤንዚን በዝቷል (በሚኒሞ ብቻ የቆየ ሞተርም ይጠቁራል፣ አያታልላችሁ)። የሚያስፈራው ነጩ ነው፦ ቤንዚን አንሷል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተን እስከመበሳት ይደርሳል።

ከፍታውንም አትርሱ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተሩ ጉልበት በሩብ ገደማ ይቀንሳል፤ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ተራ ካርቡራተርም ቤንዚን ያበዛል። እዚህ አስተካክላችሁ ጋምቤላ ብትወስዱት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ያንሰዋል።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩና ደብተር ላይ ጻፉት። ከዚያ አውሮፕላኑ እንደታሰረ፣ ሙቀቱን እያያችሁ፣ ሙሉ ጋዝ ሰጥታችሁ ሞክሩት።