በአንድ ሽቦ መመላለስ፤ ስለ ባስ ትራንሲቨር አመጣጥ አጭር ጥናት

በአገሬ በመንዝ፣ በቀየት፣ ከገደል ማዶ ላለ ሰው መልእክት ማድረስ የፈለገ ከአፋፉ ላይ ቆሞ ይጣራል። ከተጣራም በኋላ ዝም ብሎ ጆሮውን ያቀናል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ቢጮኹ ማንም የማንንም አይሰማምና። ባስ ትራንሲቨር የተባለውን ቺፕ ያስገኘው ችግር ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ባስ ማለት፣ እንደሚታወቀው፣ የአንድ ኮምፒዩተር ልዩ ልዩ ክፍሎች በጋራ የሚላላኩበት የሽቦ ስብስብ ነው። ሽቦን የመካፈል ሐሳብ ግን ከኮምፒዩተር ይቀድማል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1894 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ተጀምሮ አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው የስልክና የቴሌግራፍ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። በተራው የቴሌግራፍ አሠራር በአንድ ሽቦ የሚላላኩ ጣቢያዎች ተራ መጠበቅ ነበረባቸው፤ ተራውን የሚጠብቀውም ሰው ነበር። በቺፕ ውስጥ ግን ሰው የለም፤ ተራ መጠበቅ በራሱ በአሠራሩ ውስጥ መግባት ነበረበት።

በ1960ዎቹ የተስፋፋው ቲ.ቲ.ኤል. የተባለው የቺፕ ዓይነት መውጫው ዝም ማለትን አያውቅም ነበር፤ ሽቦውን ወይ ወደ ላይ ይገፋል፣ ወይ ወደ ዜሮ ይስባል። ሁለት መውጫዎች በአንድ ሽቦ ላይ ተቃራኒ ነገር ቢናገሩ ብርቱ ኤሌክትሪክ በመካከላቸው ይፈስሳል፤ ቺፖቹም ይግላሉ። ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማርሁም፤ ባለፈው መንፈቅ በላቦራቶሪ ሁለት መውጫዎችን ሳላውቅ አገናኝቼ ጣቴን ያቃጠለኝ ቺፕ አስረድቶኛል።

የመጀመሪያው መላ ሽቦውን ወደ ታች ብቻ የሚስብ መውጫ መሥራት ሆነ፤ ማንም ሳይስበው ሲቀር ሽቦውን መልሶ የሚያነሣው ሬዚስተር ነው። በ1970 የወጣው ፒ.ዲ.ፒ. 11 ኮምፒዩተር ዩኒባስ በተባለው የጋራ መስመሩ ይህንኑ ተከትሏል። መላው አስተማማኝ ቢሆንም ሽቦው ሲነሣ ይዘገያል።

ሁለተኛው መላ ናሽናል ሴሚኮንዳክተር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ትራይ ስቴት ብሎ የሰየመው ነው፤ ከአንድና ከዜሮ ሌላ ሦስተኛ ሁኔታ፣ ይኸውም ከሽቦው መለየት። ብዙ ጊዜ የኮምፒዩተር ታሪክ የፍጥነት ታሪክ ሆኖ ይነገራል። በእኔ አስተያየት ግን የጋራውን መስመር ያስቻለው ይህ የዝምታ ሁኔታ ነው።

በ1978 የወጣው የኢንቴል 8086 ፕሮሰሰር 40 እግሮች ብቻ ስለነበሩት፣ 16ቱ በአንድ ወቅት አድራሻ፣ በሌላ ወቅት ዳታ ይይዙ ነበር፤ ዳታውም በእነዚያው ሽቦዎች ይወጣል፣ ይገባል። ደግሞም የፕሮሰሰሩ ጉልበት ብዙ ካርዶችን ለመንዳት አይበቃም። ስለዚህ 8286 የተባለ አጋዥ ትራንሲቨር አብሮ ቀረበ። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ግን 74ኤል.ኤስ.245 ነው፤ በ1981 የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተርም ተጠቅሞበታል። ከ20ዎቹ እግሮቹ 8ቱ በአንድ ወገን፣ 8ቱ በሌላው ወገን ለዳታ ናቸው። ለእያንዳንዱ ሽቦ ፊታቸውን ያዞሩ ሁለት በሮች አሉት እንበል። 1ኛው እግር የትኛው በር እንደሚከፈት ያዝዛል፤ 19ኛው እግር ከፍ ሲል ሁለቱም ይዘጋሉ። ጠንቃቃ ሠሪ አቅጣጫውን ከመለወጡ በፊት በ19ኛው እግር ይዘጋል፤ ከለወጠ በኋላ ይከፍታል። እንዲህ ካልተደረገ ለጥቂት ናኖ ሰኮንድ ሁለቱም ወገኖች አብረው ሊጮኹ ይችላሉ።

ከ2003 ወዲህ የመጣው ፒ.ሲ.አይ. ኤክስፕሬስ ለመሄጃና ለመመለሻ የተለያየ መንገድ ስለሰጠ በዚያ መስመር ተራ መጠበቅ ቀርቷል። ይሁን እንጂ 245 የሚል ቁጥር የያዙ ቺፖች ዛሬም ይመረታሉ፤ ባለ 3.3 ቮልት መሣሪያን ከባለ 5 ቮልት ጋር ለማገናኘት የሚያገለግሉም አሉባቸው።