ያረጀ ፈረስ ጥርስ ስንት ያወጣል?

ታክሲ ነጂ የማይሰማው ወሬ የለም። ባለፈው መኸር ከዋሽንግተን ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴትዮ አሳፍሬ፣ ፈረሰኞች ወደሚበዙባት ወደ ሚድልበርግ፣ ቨርጂኒያ ስወስዳቸው፣ መንገዱን ሙሉ ስለ አንድ ሕክምና ሂሳብ በስልክ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ሂሳቡ 640 ዶላር ነው። በሽተኛው የ27 ዓመት ፈረስ ነው። የታከመው ደግሞ ጥርሱን ነው፤ ማደንዘዣ ተወግቶ፣ ጥርሱ ተሞርዶ፣ አንድ የተነቃነቀ መንጋጋ ተነቅሎለታል። ስልኩን ሲዘጉ ይቅርታ ጠይቄ «ፈረሱ ይጋለባል?» አልኳቸው። «ከተጋለበ ዘጠኝ ዓመቱ» አሉኝ።

በልቤ ሳልስቅ አልቀረሁም። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ጠፋ።

እኔ የናዝሬት ልጅ ነኝ፤ አባቴም ባለጋሪ ነበር። ያሳደገን ቦራ የምንለው ፈረስ ነው። ቦራ በመጨረሻው ዓመት ጭዱን ወደ አፉ ያስገባና ሲያላምጥ ቆይቶ፣ እንደ ኳስ የተጠቀለለ እርጥብ ነገር ከእግሩ ሥር ይጥል ነበር። መጀመሪያ «ጠግቦ ነው» አልን። ቀጥሎ «ዓይን በልቶት ነው» አልን። ጎኑ መቆጠር ሲጀምር አባቴ አንድ ማታ ከከተማው ውጭ ወሰደውና ገመዱን ፈቶለት ብቻውን ተመለሰ። እንዲህ የተለቀቁ የጋሪ ፈረሶች አስፋልት ዳር ቆመው ያላየ የአገራችን ሰው ያለ አይመስለኝም። አባቴ ያን ማታ ራት አልበላም። ስለ ጉዳዩም ዳግመኛ አልተወራም።

የሴትዮዋ ነገር ይህን ስለቀሰቀሰብኝ፣ የድሮ የታሪክ መምህርነቴ አላስቀምጥ ብሎኝ ነገሩን ማገላበጥ ያዝኩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የፈረስ ጥርስ እንደ ሰው ጥርስ አንዴ በቅሎ የሚቆም አይደለም። የአንድ ወጣት ፈረስ መንጋጋ ርዝመቱ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል፤ አብዛኛው ግን ከድድ በታች ተቀብሮ የተቀመጠ ነው። ሣርና ገለባ ሲያኝክ ላዩ በየዓመቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያልቃል፤ ከሥሩም ያንኑ ያህል ብቅ ይላል። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ፈረሱ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲሞላው የተቀመጠለት ሁሉ ያልቃል። በዚህ ላይ የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ሰፋ ያለ ስለሆነ፣ ሳይፋጭ የሚቀረው ጠርዝ እንደ ቢላ ይሳላል፤ የላይኛው ጉንጩን፣ የታችኛው ምላሱን ይቆርጠዋል። ሐኪሙ በረጅም ሞረድ የሚሞርደው ይህን ጠርዝ ነው። ሲያረጅ ደግሞ አንዱ ጥርስ ይወልቃል፤ ከፊት ለፊቱ ያለው የሚፋጨው አጥቶ ይረዝማል፤ በመካከሉ የገባው ምግብ ይበሰብሳል። ያኔ ፈረሱ የበላውን መዋጥ ስለማይችል በምራቅ ጠቅልሎ ይተፋዋል። እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ሰው የፈረስ አፍ ውስጥ እጁን ካስገባ ሦስት ሺህ ዓመት አልፎታል። በ2018 ዊልያም ቴይለርና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት እንደሚያሳየው፣ የሞንጎሊያ አርብቶ አደሮች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1150 ገደማ ያለ ቦታው የበቀለን የፊት ጥርስ ለመቁረጥ ሞክረዋል፤ የመጋዙ ምልክት ከመቃብር በወጣው የራስ ቅል ላይ ይታያል። ከዚያ አራት መቶ ዓመት ቆይቶ፣ በ750 ገደማ፣ የብረታ ብረት ልጓም ሲመጣ ደግሞ ልጓሙ የሚያርፍበት ቦታ የምትበቅለውን ትንሽ ጥርስ መንቀል ጀመሩ። ልብ በሉ፤ ጥርሷ የምትነቀለው ፈረሱ ልጓሙን ተቀብሎ እንዲታዘዝ ነው።

ግሪኮቹም ያው ናቸው። ዜኖፎን ስለ ፈረስ ግልቢያ በጻፈው መጽሐፍ ፈረስ ገዢ አስቀድሞ ዕድሜውን ከጥርሱ እንዲያረጋግጥ ይመክራል፤ ያለዚያ መልሶ የሚሸጥለት አያገኝም። የስጦታ ፈረስ ጥርሱ አይታይም የሚባለውን ተረት ሄሮኒሞስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ሲጠቅሰው በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ተረት መሆኑን ጠቁሞ ነው። ተረቱ ራሱ የሚነግረን በገንዘብ የተገዛ ፈረስ ሁሉ ጥርሱ ይታይ እንደነበር ነው።

የሚታየውም እንዲህ ነው። የወተት ጥርሶቹ ከሁለት ዓመት ተኩል ጀምረው ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ይለወጣሉ፤ በአምስት ዓመቱ አፉ ይሞላል። ከዚያ በታችኛው የፊት ጥርሶች ላይ ያሉት ጥቁር ጉድጓዶች በስድስት፣ በሰባት፣ በስምንት ዓመቱ በየተራ ይጠፋሉ። ከስምንት በኋላ ግምት ነው። አጭበርባሪ ነጋዴዎች ይህን አውቀው፣ ያረጀውን ፈረስ ጥርስ ቦርቡረው በጋለ ብረት በማጥቆር የወጣት ያስመስሉት ነበር። እንግሊዞች ለዚህ ማጭበርበር ቢሾፕ ከሚባል ሰው ስም የወጣ መጠሪያ አላቸው፤ ሰውየው እንዲህ ተብሎ ለዘላለም መታወስን ይወደው ይሆን? በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ ሲድኒ ጋልቬይን የተባለ የፈረስ አዋቂ፣ በላይኛው ጥግ ጥርስ ላይ በ10 ዓመት ብቅ ብሎ በ20 ከጫፍ የሚደርስ መሥመር አለ ብሎ አስተማረ። በኋላ ሲፈተሽ እንደተባለው እርግጠኛ ሆኖ አልተገኘም፤ መሥመሩ ግን እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ዘመን የፈረስን አፍ የከፈተ ሰው የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ስንት ዓመት ሥራ ቀርቶታል የሚለውን። ሥራ ላልቀረው ፈረስ ጥርስ ገንዘብ ማውጣት የቅርብ ጊዜ ነገር ነው።

የዚህ ለውጥ አንዱ ጅማሬ በእኛ በታክሲ ነጂዎች ሰፈር መሆኑ ደስ አሰኝቶኛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ የአውቶቡስ ፈረስ አራት አምስት ዓመት ከሠራ በኋላ ይሸጥ ነበር፤ የመጨረሻ ገዢው ብዙ ጊዜ አራጁ ነው። በ1877 አና ሲዌል «ብላክ ቢዩቲ»ን አሳተመች፤ ከጌታ ወደ ጌታ ሲሸጥ በመካከሉ የለንደን ታክሲ ጎታች የሆነ ፈረስ ታሪክ ነው። መጽሐፉ ልቧን የነካው አን ሊንዶ የተባለች ሴት በ1886 ለደከሙ የታክሲ ፈረሶች ማረፊያ አቋቋመች። ማረፊያው ፈረሱ እስኪያገግም ለባለታክሲው ምትክ ያውሰው ነበር። ይህች ሴት ነገሩ ገብቷታል፤ ባለታክሲው የሚጨክነው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ፈረሱ አንድ ቀን ካረፈ ልጆቹ ስለማይበሉ ነው። እኔ ዛሬ መኪናዬ ጋራዥ ሲገባ ምትክ የሚያውሰኝ የለም።

በአሜሪካ በ1915 አካባቢ ከ25 ሚሊዮን በላይ ፈረስና በቅሎ ነበር፤ በ1960 ወደ 3 ሚሊዮን ወረደ። ፈረሱ ሲጠፋ የጥርስ ሙያውም ተዳከመ፤ ያንሰራራው በ1990ዎቹ ነው። በመካከሉ ፈረስ ከሠራተኛነት ወደ ቤተሰብነት ተሸጋግሯል፤ የጥገኛ ትል መድኃኒቱም ተሻሽሎ ዕድሜው ረዝሟል። ዕድሜው ከጥርሱ ሲረዝም ነው እንግዲህ ወጪው የሚመጣው። ተራው ሞረዳ እዚህ አገር በአብዛኛው ከመቶ እስከ ጥቂት መቶ ዶላር ነው፤ ሆስፒታል ወስዶ አስቸጋሪ መንጋጋ ማስነቀል ከሺህ ያልፋል። ሆኖም ላረጀ ፈረስ ሐኪሙ ብዙ አይሞርድም፤ የተረፈው ጥቂት ነውና። ያለቀውን ጥርስ የሚመልስ ገንዘብም የለም። ከባዱ ወጪ ከዚያ በኋላ ያለው የዕለት ምግብ ነው፤ ድርቆሽ ማኘክ ስለማይችል የተፈጨ መኖ በውኃ ተነክሮ እንደ ገንፎ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይቀርብለታል። ሴትዮዋም ከሐኪሙ ይልቅ ያማረሩት በዚህ ነበር።

በአገራችንም ጨርሶ ተረስቷል ማለት አይደለም። በ1923 የተመሠረተው ስፓና የተባለ የብሪታንያ በጎ አድራጎት ድርጅት፣ ለጋሪ ፈረሶችና ለአህዮች በነጻ ሕክምና ሲሰጥ ቆይቷል። ለቦራ ግን አልደረሰለትም። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን አባ ታጠቅ፣ አባ በዝብዝ፣ አባ ዳኘው እያልኩ የነገሥታቱን የፈረስ ስም አስጠንቻለሁ። ፈረሶቹ ሲያረጁ ምን ሆኑ ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ባለፈው እሑድ አባቴ ጋ ደወልኩ። ወዲያ ወዲህ ካልን በኋላ ቦራን ስትገዛው ስንት ዓመቱ ነበር አልኩት።

«ሻጩ ስምንት ነው አለኝ» አለ።

ከስምንት በኋላ ያለው ሁሉ ስምንት እንደሚባል ነገርኩት። ስለ መንጋጋው፣ ስለሚተፋው ጭድ፣ ፍሩሽካ በውኃ አርሰን ብንሰጠው ኖሮ ምናልባት ሊሰነብት ይችል እንደነበር ነገርኩት። ይህን መናገሬን ወዲያው ጠላሁት። አባቴ ዝም ብሎ ቆየ።

«ሴትዮዋ የከፈለችው በብር ስንት ይመጣል?» አለኝ። ነገርኩት።

«ለጥርሱ ብቻ?» አለ።

«ለጥርሱ ብቻ።»

«ገመዱን ስፈታለት እኮ አልሄደም» አለኝ። «እኔ ነኝ ትቼው የሄድኩት።»