ዛጎል ውስጥ የተጻፈ ሎግ

ከእ.ኤ.አ. 1944 ጀምሮ በዋሽንግተን ስቴት፣ ሃንፎርድ፣ ለቦምብ ፕሉቶኒየም የሚያመርቱ ሪአክተሮች የሚቀዘቅዙት በኮሎምቢያ ወንዝ ነበር። ውሃው ሪአክተሩን አቋርጦ ዚንክ-65 ይዞ ወደ ወንዙ ይመለሳል። ፓስፊክ ሲገባማ ቀጥኖ ያልቃል ትሉ ይሆናል። ኦይስተር የሚባለው ባለዛጎል ግን ውሃ እያጣራ ስለሚመገብ ዚንክን ሰውነቱ ውስጥ ያከማቻል፤ ጨረር ያለውንና የሌለውን አይለይም። አንድ የሃንፎርድ ሠራተኛማ ከዊላፓ ቤይ የመጣ ኦይስተር በልቶ የመሥሪያ ቤቱን የጨረር መለኪያ አስጮኸው!

በ1975 የስክሪፕስ ተመራማሪው ኤድዋርድ ጎልድበርግ ይህን የመሰለውን ጠባይ ለክትትል እንጠቀምበት አለ፤ ሙስልና ኦይስተር ከየባሕር ዳርቻው እየተለቀመ ፕሉቶኒየሙም ዲዲቲውም ይለካ። ለእኔ ብልጠቱ እንስሳው ከቦታው የማይነቃነቅ መሆኑ ላይ ነው፤ ሴንሰሩ ቀድሞ ተተክሏል፣ ባትሪ እንኳ አይፈልግም። ሎጉ ግን ይጠፋል፦ ዚንክ-65 በ244 ቀን በግማሽ ይቀንሳል። ውሃውን እንዲያ ከሚለቁት የመጨረሻው ሪአክተር በ1971 ሲዘጋ የኦይስተሩም ልኬት ወረደ።