ከጋፋት ሠረገላ እስከ ባሌስትራ
ሸክም፣ መንገድና የብልሽት ምርመራ በደብረ ታቦር ደጋ

የተሽከርካሪ ታሪክ በመሠረቱ የሸክም ታሪክ ነው። ሸክም ከመሬት ከተነሣ በኋላ በአንድ ነገር ላይ መደገፉ የግድ ነው፤ በሰው ትከሻ፣ በአጋሰስ ጀርባ፣ በመንኰራኩር ዘንግ ወይም በተነባበረ ብረት። ከመንገዱ የሚነሣው ምትም እንደዚሁ የሚያርፍበትን ቦታ ይሻል። ምቱን የሚቀበለው አካል በዕቅድ ካልተዘጋጀለት፣ ምቱ ራሱ ደካማውን ቦታ ፈልጎ ያገኛል። ለብልሽት መርማሪ ከዚህ የሚበልጥ መነሻ የለም። ይህንንም እውነት ከሀገራችን ታሪክ በግልጥ ከሚያሳዩት ሥፍራዎች አንዱ፣ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ አጠገብ የሚገኘው የደብረ ታቦር ደጋ ነው።

የጋፋት ሥራ

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ደብረ ታቦርን ዋነኛ መቀመጫቸው አደረጉ። ከከተማይቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በጋፋትም የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎችን አስፈሩ። ከእነዚህ ውስጥ በስዊዘርላንድ ከባዝል ከተማ አቅራቢያ ከነበረው ከቅድስት ክሪሾና የሚሲዮን ተቋም የተላኩ ነበሩ፤ ቴዎፍል ዋልድማየርና ካርል ዛልሙለር ከሚታወቁት ይቆጠራሉ። ከፖላንድ የመጣው ሞሪትዝ ሆልም በመድፍ ማቅለጡ ሥራ ስሙ ይነሣል። ባለሙያዎቹ ወደ ሀገር የገቡበት ዓላማ ሌላ ቢሆንም፣ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከእነርሱ ዘንድ አጥብቀው የፈለጉት መድፍ፣ ሠረገላና መንገድ ነበር።

ከብዙ ሙከራና ድካም በኋላ ጋፋት ልዩ ልዩ መድፎችን አወጣች። ከሁሉ የሚገዝፈውና በ1859 ዓ.ም. ገደማ የተሠራው የነሐስ ሞርታር፣ በክሪሚያ ጦርነት ዝናው በተሰማው የወደብ ከተማ ስም «ሴባስቶፖል» ተባለ። ክብደቱ ወደ 7 ቶን እንደሚጠጋ ይነገራል። በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ደጋ ላይ የዕቃ ጉዞ የበቅሎ፣ የአህያና የሰው ሸክም ነበር። አንዲት በቅሎ አንድ ኩንታል ያህል ብትሸከም፣ የዚህ መድፍ ክብደት ተከፋፍሎ ቢጫን ሰባ በቅሎ ይፈልጋል። ይሁን እንጂ ነሐሱ አንድ ወጥ ነውና አይከፋፈልም። ስለዚህ ሠረገላ አስፈለገ፤ ሠረገላውም ከዚያ በፊት ያልነበረ መንገድ አስፈለገው። የጋፋት ትልቁ ፈተና ብረቱን ከማቅለጡ ይልቅ የቀለጠውን ማጓጓዙ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ

ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሠራዊታቸውን፣ ባለሙያዎቹንና መድፎቹን ይዘው ወደ መቅደላ ተነሡ። ጉዞው በጋይንት ደጋ አድርጎ በጨጨሆ አለፈ፤ ዋድላን አቋርጦ ወደ ጅዳ ሸለቆ ወረደ፤ ከዚያም ደላንታን ተሻግሮ በበሽሎ ሸለቆ በኩል ወጣ። ከመቅደላ ሥር የደረሱት በመጋቢት ወር ነው። ዛሬ መኪና በቀን የሚጨርሰውን ያህል ርቀት ለመሄድ አምስት ወር ተኩል ገደማ ፈጀ ማለት ነው።

የዘመኑ ጸሐፊዎች እንደመሰከሩት ታላቁን ሞርታር ለመጐተት አምስት መቶ ያህል ሰው ያስፈልግ ነበር። በቁልቁለቱ ደግሞ ሠረገላው ሸሽቶ እንዳይገለበጥ ከኋላ በጠፍር ይያዛል። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገዱን ከሠራዊቱ ጋር ይሠሩ እንደነበር የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል።

ይህን ጉዞ በባለሙያ ዓይን ለሚመለከት ሰው ነገሩ ግልጥ ነው። አራት መንኰራኩር ያለውና መተጣጠፍ የማይችል ሠረገላ በወጣ ገባ መሬት ላይ ሲቆም፣ አብዛኛውን ጊዜ መሬት የሚረግጠው በሦስት እግሩ ነው። አራተኛው አየር ላይ ይቀራል፤ ሸክሙ ወደ አንድ ማዕዘን ያዘነብላል፤ ሠረገላው ሲንቀሳቀስ ደግሞ የተንጠለጠለው መንኰራኩር ከነሸክሙ ይወድቃል። በመካከል ምቱን የሚያለዝብ መለጠጫ ስለሌለ፣ የወደቀው ሁሉ በዘንጉና በመንኰራኩሩ ላይ ያርፋል። ሠረገላው መሬቱን መከተል ካልቻለ፣ መሬቱ ሠረገላውን እንዲከተል ማድረግ ይቀራል። ዐፄ ቴዎድሮስ ያደረጉትም ይህንኑ ነው፤ ጒብታው ተናደ፣ ጒድጓዱ ተሞላ፣ ገደሉ በጠመዝማዛ መንገድ ተቈረጠ። ምቱን ብረት ስላልተቀበለው፣ የሰው ጉልበት ተቀበለው።

ዋጋውም ከባድ ነበር። የሠራዊቱ ቍጥር ቀድሞውኑ እየመነመነ ሄዶ ነበር፤ ጊዜም ከእጃቸው ወጣ። በዚሁ ወራት በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ወደብ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ይገሠግሥ ነበር። እንግሊዞች ከሕንድ ባመጧቸው 44 ዝሆኖች ላይ የአርምስትሮንግ መድፎችንና ሞርታሮችን ጫኑ። የዝሆን እግር እያንዳንዱን ድንጋይ ለይቶ ይረግጣል፤ ጉልበቱ ይተጣጠፋል፤ በመሆኑም እንደ ሠረገላው ደልዳላ መንገድ አይጠይቅም። ከዚህም በላይ የሚያሳዝነው ነገር፣ የእንግሊዝ ጦር ዋድላ ሲደርስ ወደ ጅዳ ሸለቆ የሚወርድበትን መንገድ ተሠርቶ ማግኘቱ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ለመድፋቸው የጠረጉት መንገድ ለጠላታቸውም መውረጃ ሆነ። የአሮጌ ውጊያ በሚያዝያ 3 ቀን ተደረገ፤ በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል፤ በአምሳያውም በአዲስ አበባ የቴዎድሮስ አደባባይ ይታወሳል።

የባሌስትራ መምጣት

የመጀመሪያይቱ አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባች ወዲህ መኪና ቀስ በቀስ ተበራከተ። በተለይም በጣልያን ወረራ ዘመን የጭነት መኪናና ጋራዥ በየአውራጃው ሲስፋፋ፣ የሙያው ቋንቋ ብዙ የጣልያንኛ ቃላትን ተቀበለ። «ባሌስትራ» ከእነዚህ አንዱ ነው። ቃሉ በጣልያንኛ ቀስት መወርወሪያ መሣሪያን ጭምር የሚያመለክት ሲሆን፣ አሠራሩም ስሙን ይመስላል፤ ቆልመም ያለ ብረት በሸክም ይለጠጣል፣ ሸክሙ ሲቀል ወደ ቦታው ይመለሳል። ብረቶቹ ሲነባበሩ ደግሞ እርስ በርስ እየተፋተጉ ነውጡን በመጠኑ ያበርዳሉ፤ የቀረውን የሚያበርደው አሞርዛተሩ ነው። በዚህ ዓይነት ለጋፋት ሠረገላ የጐደለው አካል ከሰባና ሰማንያ ዓመት በኋላ በጭነት መኪና ሥር ሆኖ ወደ ደጋው መጣ።

በ1960ዎቹ ማብቂያ በቻይና መንግሥት ርዳታ ተጀምሮ በ1970ዎቹ የተጠናቀቀው የወረታ–ወልድያ መንገድ፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚለው፣ ደብረ ታቦርን፣ ነፋስ መውጫን፣ ጨጨሆንና ጋሸናን አያይዞ ወደ ወልድያ ይወርዳል። ጨጨሆ ላይ የሴባስቶፖልን ጎዳና ይነካል። መንገዱ ተሻሻለ እንጂ ተራራው አልተሻሻለም፤ ዳገቱና ቁልቁለቱ አሁንም የኋላውን ባሌስትራ የሚፈትኑ ናቸው።

ብልሽቱን ስለ መመርመር

ጭነት መኪና «ኋላው ይመታል» ወይም «ወደ ጎን ያዘነብላል» ተብሎ ወደ ጋራዥ ሲገባ፣ የተሰበረውን ብረት ለውጦ መሸኘት ቀላል ነው። ይሁንና ስብራቱ የብልሽቱ መጨረሻ እንጂ መነሻው ላይሆን ይችላል። ጥሩ መርማሪ አስቀድሞ መኪናውን በደልዳላ መሬት ላይ ያቆምና ከመንኰራኩሩ እንብርት እስከ ሻንሲው ያለውን ከፍታ በግራና በቀኝ ይለካል፤ ልዩነት ካለ የደከመ ወይም የተሰበረ ብረት አለ። ቀጥሎም ከፊተኛው እስከ ኋለኛው ዘንግ ያለውን ርቀት በሁለቱም ወገን ይለካል። ርቀቱ ካልተስተካከለ፣ ብረቶቹን በመካከል የሚያያይዘው ቡሎን ተቈርጦ ዘንጉ ሳይሸሽ አልቀረም፤ እንዲህ ያለው መኪና በቀጥታ መንገድ ላይ አካሉን አጣምሞ ሲሄድ ከኋላው ላለ ሰው ይታያል። ባሌስትራውን ከዘንጉ ጋር የሚያቅፉት ቡሎኖች መላላታቸውም፣ ብረቱ ከወገቡ ላይ እንዲሰበር ከሚያደርጉት ዋነኛ ምክንያቶች አንዱ ነው።

በዝግታ ሲኬድ የሚሰማ የማንኳኳት ድምፅ ብዙ ጊዜ ያለቀ ቦኮላን ያመለክታል። አሞርዛተርን በሚመለከት ደግሞ እጅ ራሱ መሣሪያ ነው። የሚሠራ አሞርዛተር ነውጡን ወደ ሙቀት ስለሚለውጥ፣ ከአስቸጋሪ መንገድ በኋላ ይሞቃል፤ አንዱ ሞቆ ጓደኛው ቀዝቅዞ ከተገኘ፣ የቀዘቀዘው ሥራ አቁሟል። የተሰበረው ብረትም ራሱ ይመሰክራል። የስብራቱ ፊት በከፊል ዝጎ በከፊል የሚያበራ ከሆነ፣ ስንጥቁ ቀድሞ የነበረና ቀስ በቀስ ያደገ ነው፤ ሁሉም አዲስ ከሆነ ግን ድንገተኛ ምት ወይም ከልክ ያለፈ ጭነት ይጠረጠራል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው፣ ብዙ ለመጫን ሲባል በባሌስትራው ላይ ተጨማሪ ብረት የመደረብ ልማድ ነው። ብረት ሲደረብ የኋላው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ባለንብረቱም ደስ ይለዋል። ነገር ግን ባሌስትራው ያልተቀበለው ምት ወደ ማንጠልጠያው፣ ወደ ሻንሲውና ወደ ዘንጉ ይሄዳል። መኪናው ባዶውን ሲመለስ ደግሞ የደነደነው ባሌስትራ ስለማይለጠጥ የኋላው ጎማ ይነጥራል። መሬት ያልያዘ ጎማ ፍሬን አይይዝም። ይህም ከጋሸና ወደ ወልድያ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ የሰው ሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ከታሪኩ የሚቀረው ትምህርት

የጋፋት ባለሙያዎች በነበራቸው መሣሪያ ልክ ታላቅ ሥራ ሠርተዋል፤ ያልሠሩት ነገር በዘመኑ በእጃቸው ያልነበረ ነው። ዛሬ ባሌስትራው በእጅ አለ፤ የሚሠራበትም ሕግ ይታወቃል። ባለሙያ የተሰበረውን ከመለወጡ በፊት «ምቱ ከየት ተነሣ? ወዴትስ ሄደ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከሸክሙ፣ ከተሽከርካሪውና ከመንገዱ የትኛው እንደበደለ ይገልጥለታል። ሳይጠየቅ የቀረው ምት ግን አይጠፋም። በ1860 ዓ.ም. በአምስት መቶ ሰዎች ክንድ ላይ እንዳረፈ ሁሉ፣ ዛሬም ከሾፌሩ፣ ከረዳቱና ከተሳፋሪው ላይ ያርፋል።