«ዲያቤቴስ» የተሰኘው ቃል አመጣጥና ለመምህራን ያለው ፋይዳ

በአማርኛ «የስኳር በሽታ» እየተባለ የሚጠራው ሕመም በብዙ ቋንቋዎች የሚታወቀው «ዲያቤቴስ» በተሰኘው የግሪክ ቃል ነው። ሁለቱ ስሞች አንዱን በሽታ ከተለያየ አቅጣጫ የሚመለከቱ በመሆናቸው፣ የቃሉን ታሪክ መመርመር ለመምህራንም ሆነ ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ጠቀሜታ ይኖረዋል።

የግሪኩ ቃል ምንጭ «አልፎ መሄድ» የሚል ትርጉም ያለው ግሥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2ኛው ምዕተ ዓመት እንደኖረ የሚታመነው ሐኪም አሬቴዎስ ዘቀጰዶቅያ፣ ሕመምተኛው የጠጣው ውሃ በሰውነቱ ሳይረጋ እንደ ቧንቧ አልፎ እንደሚወጣ፣ ሥጋውም እየሟሟ ከሽንቱ ጋር እንደሚፈስ አድርጎ ገልጾታል። በዚህ ስያሜ ውስጥ ስኳር አልተነሣም። በአንጻሩ የጥንት ህንድ ሐኪሞች የሽንቱን ጣፋጭነት ተገንዝበው በሽታውን በሳንስክሪት «ማዱሜሃ»፣ ማለትም «የማር ሽንት» ብለውታል።

በአውሮፓ ይኸው ጣፋጭነት ትኩረት ያገኘው ዘግይቶ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ በ17ኛው ምዕተ ዓመት ጣዕሙን መዘገበ፤ ማቲው ዶብሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1776 ሽንቱን አትንኖ ስኳር እንደሚገኝበት አሳየ። ኋላም ማር መሰል የሚል ፍቺ ያለው «ሜሊተስ» የተባለው የላቲን ቅጽል ታከለበት፤ ሽንትን ከማብዛት በቀር ከስኳር ጋር ግንኙነት የሌለው ሌላው ሕመም «ኢንሲፒደስ»፣ ጣዕም የለሽ፣ ተባለ።

እንግዲህ እነዚህ ስሞች ሁሉ ምልክትን እንጂ መንስኤን አይናገሩም። እ.ኤ.አ. በ1889 ሚንኮቭስኪና ፎን ሜሪንግ ቆሽቱ የወጣለት ውሻ በበሽታው መያዙን በማየታቸው ምርምሩ ወደ ቆሽት አመራ። እ.ኤ.አ. በ1921 በቶሮንቶ የተገኘው ኢንሱሊንም ስሙን የወሰደው ሆርሞኑን ከሚያመነጩት የቆሽት «ደሴቶች» ነው፤ «ኢንሱላ» በላቲን ደሴት ማለት ነውና።

የአማርኛው ስም ተማሪዎች ሕመሙን ስኳር ከመብላት ጋር ብቻ እንዲያያይዙ፣ የታመመ ጓደኛቸውንም እንዲወቅሱ ሊገፋፋቸው ይችላል። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የመጀመሪያው ዓይነት ግን የሰውነት መከላከያ ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳትን በማጥቃቱ የሚመጣ እንጂ የአመጋገብ ጥፋት አይደለም። ስለዚህ በሥነ ሕይወት ትምህርት በሽታው በሚነሣበት ክፍል የስሙ ታሪክ አብሮ ቢሰጥ መልካም ነው።

ከዚህም በላይ አሬቴዎስ የመዘገባቸው ምልክቶች፣ የማይረካ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ መሽናትና መክሳት፣ ዛሬም በክፍል ውስጥ ለመምህር ዓይን የሚታዩ ናቸው። ለመውጣት ደጋግሞ ፈቃድ የሚጠይቅን ተማሪ እንደ አስቸጋሪ ከመቁጠር በፊት ወላጆቹን አስጠርቶ ሳይዘገይ እንዲመረመር ማድረግ ሕይወቱን ሊያተርፍ ይችላል።