የቡና ወቅትና የምርምር ንድፍ፦ ከወናጎ አንጻር

የምርምር ንድፍ አንድ ጥናት ጥያቄውን ለመመለስ ማንን፣ መቼና ከምን ጋር እያነጻጸረ እንደሚመለከት አስቀድሞ የሚወስን ዕቅድ ነው። ከመረጃ መሰብሰቢያ ዘዴ ጋር መምታታት የለበትም፤ መጠይቅም ሆነ ቃለ መጠይቅ በየትኛውም ንድፍ ውስጥ ሊያገለግል ይችላልና። እንሰት፣ ቡናና አገር በቀል ዛፎች በአንድ ማሳ ተደባልቀው በሚበቅሉባቸው በወናጎና በአጎራባች የጌዴኦ ወረዳዎች፣ ከሦስቱ ጥያቄዎች አብዝቶ የሚያስቸግረው «መቼ?» የሚለው ነው።

የአንድ ጊዜ ቅኝት፣ ማለትም ከተመረጡ ቤተሰቦች በአንድ ወቅት ብቻ መረጃ የሚሰበስብ ንድፍ፣ ፈጣንና ወጪው አነስተኛ በመሆኑ በመመረቂያ ጽሑፎች ይዘወተራል፤ ምን ያህሉ አርሶ አደር ቡናውን በእሸት፣ ምን ያህሉስ በጀንፈል እንደሚሸጥ ለማወቅም ይበቃል። ይሁንና ቡና በአንድ ዓመት በብዛት ካፈራ በቀጣዩ ምርቱ የመቀነስ ጠባይ አለው፤ ገቢውም በለቀማ ወራት ስለሚገኝ፣ በእነዚያ ወራት የተጠየቀ አባወራ ከወራት በኋላ በክረምት ቢጠየቅ ስለ ገቢውና ስለ ዕዳው የሚሰጠው መልስ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ በመሆኑም የአንድ ወቅት ገቢን የቤተሰቡ የኑሮ ደረጃ አድርጎ መውሰድ የቁጥር ስህተት ሳይሆን የንድፍ ስህተት ነው።

ለዚህ መፍትሔው ያንኑ ቤተሰብ ደጋግሞ የሚጎበኝ ተከታታይ ጥናት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና ከዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ጋር እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2009 በ15 የገጠር መንደሮች ያካሄደው የገጠር ቤተሰቦች ጥናት የታወቀ ምሳሌ ሲሆን፣ ከመንደሮቹ አንዱ የጌዴኦው አዳዶ ነበር። እንዲህ ያለው ጥናት ለውጥን ከጊዜያዊ መዋዠቅ ለመለየት ያስችላል፤ ነገር ግን ዓመታትን ይፈልጋል፣ በየዙሩም ከናሙናው የሚጎድሉ ቤተሰቦች አይጠፉም።

ጥያቄው «እንዴት?» እና «ለምን?» ሲሆን ደግሞ ጉዳይ ተኮር ጥናት ይመረጣል፤ ይህም አንድን ጉዳይ ከነአካባቢው፣ በብዙ ዓይነት ማስረጃ፣ በጥልቀት የሚመረምር ንድፍ ነው። ታደሰ ኪጴ ስለ ጌዴኦ የመሬት አጠቃቀም በኔዘርላንድ ዋግኒንገን እ.ኤ.አ. በ2002 ያቀረቡት የዶክትሬት ሥራ የዚህ ዓይነት ነው። ዋና ርዕሱ አምስት ሺህ ዓመት የዘለቀን ዘላቂነት አንሥቶ በጥያቄ ምልክት መዝጋቱ የንድፉን ወሰን የሚያከብር ጥንቃቄ ይመስላል። ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት መመዝገቡ ለቅርሱ ዋጋ የተሰጠ ዕውቅና እንጂ ለዚያ ጥያቄ የተሰጠ መልስ አይደለም።

ሙከራዊ ንድፍ ተሳታፊዎችን በዕጣ መድቦ የአንድን ርምጃ ውጤት የሚለካ ሲሆን፣ ምክንያትን ከውጤት ጋር ለማያያዝ ከሁሉም የጠነከረ ነው። ለምሳሌ የእርሻ መሣሪያን ማጽዳት የእንሰት አጠውልግ በሽታን ምን ያህል እንደሚቀንስ መፈተን ይቻላል። በሽታው ግን በተበከለ ቢላዋና በችግኝ ስለሚተላለፍ፣ ጎረቤታሞች መሣሪያ በሚዋዋሱበት ቀዬ ዕጣው በቤተሰብ ደረጃ ቢወጣ መሣሪያውን የሚያጸዳውና የማያጸዳው ቡድን ይቀላቀላሉ፤ ስለዚህ ዕጣው በመንደር ደረጃ መውጣት ይኖርበታል። ይህም ብዙ መንደሮችን ስለሚጠይቅ፣ አቅም የሌለው አጥኚ ተቀራራቢ መንደሮችን አጣምሮ ማወዳደርና ሥራውን ሙከራ ከማለት ይልቅ ዕጣ የሌለበት ከፊል ሙከራዊ ጥናት ብሎ መሰየም ይገባዋል።